የማይታየውን የመሰከሩ ሊቅ

በዐይን የሚታይ አደጋ ብዙ መምህር አያሻውም። እሳት ሕፃኑን አንድ ጊዜ ከለበለበው በኋላ ራሱ ያስተምረዋል፤ ጐርፍም ሲመጣ ድምፁ ይቀድመዋል። ነገር ግን የማይታይ፥ የማይሸት፥ የማይሰማ፥ ሲያልፍብንም የማያቃጥል፥ ጉዳቱ ከዐሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚገለጥ ነገር ቢኖር፥ ሰው ስለዚህ ነገር ሊያውቅ የሚችለው ዐዋቂው የነገረውን ያህል ብቻ ነው። ዐዋቂው ዝም ቢል፥ ወይም አሳንሶ ቢናገር፥ ወይም አጋኖ ቢያስፈራራ፥ ሰሚው የሚያመሳክርበት የራሱ ሚዛን የለውም። ጨረር የሚባለው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

ውድ አንባብያን፥ እኔ በመጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግሁ፥ በኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብቼ የሳይንስ መምህር የሆንሁ ሰው ነኝ። ስለ ጨረር ባስተማርሁ ቍጥር ከተማሪዎቼ የሚመጣው ጥያቄ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ «ታዲያ ራጅ መነሣት ይገድላል ማለት ነው?» ሲል፥ ሌላው «ሐኪም ካዘዘው ምን ጉዳት አለው?» ይላል። ሁለቱም የሚፈልጉት አዎን ወይም አይደለም የሚል አንድ ቃል ነው፤ እውነቱ ግን በአንድ ቃል አይመለስም። ይህን በአንድ ቃል የማይመለስ እውነት ለሕዝብ፥ ለመንግሥት ሸንጎና ለፍርድ ቤት ሲያስረዱ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አንድ አሜሪካዊ ሊቅ ነበሩ። የእኒህን ሰው ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማስረዳበት መንገድ ስለ ቀናልኝ፥ ለአንባብያንም ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊቁ ስም ካርል ሞርጋን ይባላል። በ1907 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ግዛት ተወለዱ፤ አባታቸው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ሲቀበሉ፥ የምርምራቸው ርእስ ከጠፈር ወደ ምድር ያለማቋረጥ የሚወርደው ጨረር ነበር። ይህ ጨረር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አየሩ ጋሻ ሆኖ ስለሚመክተው፥ በደጋ የሚኖር ሰው በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ይልቅ ከእርሱ ብዙ ይቀበላል። ከምድርም፥ ከምንተነፍሰው አየርም፥ ከምንበላውም ምግብ የሚደርሰን ሁሉ ሲደመር፥ የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ጨረር ከተፈጥሮ ይቀበላል። ስለዚህ ጨረር ሰው የፈጠረው ነገር አይደለም፤ ሰው ያደረገው በብዛት ማውጣትን ነው።

ዶክተር ሞርጋን በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ቆይተው፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፥ በ1943 ዓ.ም.፥ የአቶም ቦምብ በምሥጢር ወደሚጠናበት የቺካጎ ቤተ ሙከራ ተጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ «የጤና ፊዚክስ» የሚል ስም ነበረው። ስሙ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ ምሥጢር ለመሸፈንም የተመቸ ነበር። የሥራው ፍሬ ነገር ግን ሠራተኛው የሚቀበለውን ጨረር መለካት፥ ልክ ማውጣትና መከላከል ነው። ከዚያም ወደ ቴኔሲ ግዛት ወደ ኦክ ሪጅ ተዛውረው፥ ከ1944 እስከ 1972 ዓ.ም. የዚያን ታላቅ ቤተ ሙከራ የጤና ፊዚክስ ክፍል መሩ። በ1955 ዓ.ም. የጤና ፊዚክስ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የማኅበሩንም መጽሔት ከመነሻው ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዋና አዘጋጅነት መሩ። በ1966 ዓ.ም. በሮም የመጀመሪያ ጉባኤውን ያደረገው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ማኅበርም እርሳቸውን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አደረገ። በአጭሩ፥ የሙያው አባት ተብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው።

ልክ ማውጣት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የልኩን ታሪክ መመልከት ብዙ ያስተምራል። በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ልክ ለአንድ ሠራተኛ በቀን 0.1 ሮንትገን ነበር፤ ይህም በዓመት የሥራ ቀን ቢባዛ ወደ 30 ይጠጋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓመት ወደ 5 ሬም ወረደ። ዛሬ ደግሞ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የሚመክረው፥ በአምስት ዓመት አማካይ ተሰልቶ፥ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ይህም በቀድሞው መለኪያ 2 ሬም ነው። ለሕዝቡ ደግሞ፥ ከተፈጥሮውና ከሕክምናው ሌላ፥ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው።

ከቍጥሩ ጋር ቃሉም መለወጡን ልብ ይሏል። በመጀመሪያው ዘመን ሊቃውንቱ «ሰውነት የሚችለው መጠን» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ጨረር ምንም አያደርግም ከሚል አሳብ የተነሣ ነው። በኋላ ግን ካንሰርንና በዘር የሚወረስን ጉዳት በተመለከተ፥ ከዚህ በታች ፈጽሞ አይጎዳም የሚባል ወሰን እንዳለ ማረጋገጥ ስላልተቻለ፥ «የሚፈቀድ መጠን» ወደ ማለት ዞሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ሰውነት የተነገረ የተፈጥሮ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰዎች በሸንጎ ተቀምጠው ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝነው የቈረጡት የፍርድ ቃል ነው። ዶክተር ሞርጋን ከአየርና ከምግብ ጋር ወደ ሰውነት ለሚገቡ ጨረር አመንጪ ነገሮች ልክ የሚያወጣው የዓለም አቀፉ ኮሚሽን ክፍል ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1959 ዓ.ም. የታተመው የዚያ ክፍል ሰንጠረዥ በብዙ አገር የሥራ መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ ልኩ እንዴት እንደ ወጣ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር።

ሊቁ በመሥሪያ ቤታቸው አጥር ውስጥ ብቻ አልቀሩም። በ1960ዎቹ ትኵረታቸውን ወደ ሐኪም ቤት አዞሩ። ሕዝቡ ሰው ሠራሽ ጨረርን በብዛት የሚቀበለው ከሕክምና ራጅ መሆኑን፥ ጨረሩም ከፊልሙ ስፋት አልፎ ሌላውን ሰውነት እንዲመታ የሚለቀቅበት ጊዜ ብዙ መሆኑን እየገለጹ፥ ምርመራው ሳይጐድል መጠኑ እጅግ ሊቀነስ እንደሚችል ተከራከሩ። በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይህንኑ አስረዱ። በተከታዩ ዓመት በ1968 ዓ.ም. ጨረር የሚያወጡ መሣሪያዎችን የሚቈጣጠር ሕግ ወጣ።

በዚህ ነገር ከእርሳቸው በፊት የደከሙ አንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም መኖራቸውን መጥቀስ ይገባል፤ እኒህም ዶክተር አሊስ ስትዋርት ናቸው። በኦክስፎርድ ሆነው፥ በካንሰር የሞቱ ሕፃናትን እናቶችና ጤነኛ ልጆች ያሏቸውን እናቶች በየቤታቸው አስጠየቁ፤ ሐኪሞቹ የረሱትን እናቶች ያስታውሳሉ ብለው በማመን ነው። በ1956 እና በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ በተነሡ እናቶች ልጆች ላይ የሕፃናት ካንሰር ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ ገለጹ። ለብዙ ዓመት የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በየአገሩ የራጅ ባለሙያ ሴትን «ነፍሰ ጡር ነሽን?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳያነሣ የሚታዘዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ ባህል ቀላል አለመሆኑን በቤቴ አይቻለሁ። ታናሽ እኅቴ ሁለተኛ ወሯን እንደ ያዘች ብርቱ ሳል ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። አብረዋት የሄዱት አማቷ ነበሩ። የመጀመሪያ ወራት እርግዝና በእኛ ዘንድ በአደባባይ የሚነገር ነገር አይደለም። ባለሙያው አልጠየቃትም፤ እርስዋም በአማቷ ፊት መናገር አፈረች፤ የደረት ራጅ ተነሥታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ራጅ ፅንስ ያበላሻል» ብሎ ስለ ነገራት፥ እንቅልፍ አጥታ ትከሳ ጀመር። በኋላ አንዲት ሐኪም አስቀምጠው አስረዷት። «የደረት ራጅ ሲነሡ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር ከአንድ ሚሊሲቨርት መቶኛ እጅ የማይበልጥ ነው፤ ይህም ከተፈጥሮ በጥቂት ቀን ውስጥ የምትቀበዪው ያህል ነው። መጠየቅ ይገባሽ ነበር፤ አልጠየቁሽም፤ ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ጕድለት ነው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ልጅሽ ተጎዳ ብለሽ የምታዝኚበት ነገር የለም» አሏት። ልጅቷ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። እኔም ከዚያ ቀን የተማርሁት፥ አለመጠየቅም ያለ መጠን ማስፈራትም ሁለቱም ሰውን እንደሚጎዱ ነው።

ወደ ሊቁ ልመለስ። የዶክተር ሞርጋን ንግግር ለመሥሪያ ቤታቸው የማይመችበት ቀን መጣ። በ1971 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኑረንበርግ ለተደረገ ጉባኤ ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር፤ በውስጡም መንግሥት ይደግፈው የነበረውን አዲስ ዐይነት የኑክሌር ማብላያ ነቅፈውበታል። እርሳቸው እንደ ተናገሩት፥ ገና ሳያነቡት የቤተ ሙከራው አለቆች ቅጂዎቹን አስወግደው፥ ነቀፌታው የወጣለትን ሌላ ቅጂ በምትኩ ላኩ። በተከታዩ ዓመት ጡረታ ወጥተው ወደ ጆርጂያ ግዛት የቴክኖሎጂ ተቋም ለማስተማር ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ የሚታዩት በምስክርነት ሥፍራ፥ በፍርድ ቤት ሆነ።

ከሁሉም የታወቀው የካረን ሲልክውድ ነገር ነው። ይህች ወጣት በኦክላሆማ ግዛት የኬር-መጊ ኩባንያ በሚያሠራው የፕሉቶኒየም ፋብሪካ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች። በኖቬምበር 1974 ዓ.ም. በሰውነቷም በመኖሪያ ቤቷም ፕሉቶኒየም ተገኘ፤ በዚያው ወር በ13ኛው ቀን በ28 ዓመቷ በመኪና አደጋ ሞተች። ቤተ ሰቧ ስለ ፕሉቶኒየሙ ከሰሰ፤ ክርክሩም በ1979 ዓ.ም. በኦክላሆማ ከተማ ተሰማ። ከኩባንያው መከላከያ አንዱ በሰውነቷ የተገኘው መጠን ከሚፈቀደው ልክ በታች ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚደንቀው። ለምስክርነት የቆሙት ሽማግሌ ልኩን ካወጡት ሰዎች አንዱ ናቸው! የሚፈቀድ ማለት የማይጎዳ ማለት አለመሆኑን፥ የፋብሪካውም አያያዝ ለሠራተኛው ግድ የጐደለው መሆኑን መሰከሩ። ዳኝነት የተቀመጡት የሕዝብ ወኪሎች 505,000 ዶላር ካሳና 10 ሚሊዮን ዶላር መቅጫ ፈረዱ። ፍርዱ በይግባኝ ቢሻርም፥ በ1984 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የኑክሌር ሥራ በማዕከላዊው መንግሥት ሕግ መመራቱ እንዲህ ያለውን መቅጫ አያግድም ሲል ወሰነ። በመጨረሻም በ1986 ዓ.ም. ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በ1.38 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ።

ነገር ግን የጨረር ነገር በፍርድ ቤት ዘወትር እንዲህ አይቀናም። ምክንያቱን በቍጥር ላስረዳ። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንዲህ ያለ ግምት ሰጥቷል፤ መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ሚሊሲቨርት ቢቀበሉ፥ በዕድሜያቸው ከጨረሩ የተነሣ አንድ ሰው ካንሰር ይይዘዋል፤ ከእነዚያው መቶ ሰዎች ግን 42ቱን በሌላ ምክንያት ካንሰር ይይዛቸዋል። እንግዲህ አርባ ሦስት በሽተኞች ወደ ዳኛው ቢመጡ፥ ጨረር ያመጣበት የትኛው ነው? ካንሰሩ የመጣበትን ምክንያት በላዩ ጽፎ አይመጣም። ሳይንስ የሚናገረው ስለ መቶው ነው፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ስለ አንዱ ነው። በአገራችን የትርጓሜ ጉባኤ የኔታ «አንድም» እያሉ ፍችውን ሲደረድሩ፥ ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል እንጂ አንዱን ምረጡልኝ አይልም። ዳኛ ግን «አንድም» በሚል ቃል አይፈርድም፤ አዎን ወይም አይደለም ማለት ግዴታው ነው። የባለሙያ ምስክር ፈተና በእነዚህ በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል መቆሙ ነው።

ይህ ፈተና በኔቫዳ ነገር ጐልቶ ታየ። ከ1951 እስከ 1962 ዓ.ም. በኔቫዳ ምድረ በዳ አንድ መቶ ያህል የአቶም ቦምቦች በአየር ላይ ተፈነዱ። አቧራው በነፋስ ወደ ዩታ መንደሮች ሲነዳ፥ ለነዋሪዎቹ የተበተኑት የመንግሥት ጽሑፎች የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል መንፈስ ነበራቸው። ከጊዜ በኋላ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች መንግሥትን ከሰሱ፤ ዶክተር ሞርጋንም ለከሳሾቹ ከመሰከሩት አንዱ ነበሩ። ዳኛው ብሩስ ጄንኪንስ ለሁሉ ምሳሌ እንዲሆኑ ከተመረጡት 24 ሰዎች መካከል በ1984 ዓ.ም. ለ10 ፈረዱ። መንግሥት ሕዝቡን ባለማስጠንቀቁና የሚደርስበትን ጨረር በሚገባ ባለመለካቱ ቸልተኛ ነበር አሉ። በ1987 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። የሻረውም ሳይንሱ ስሕተት ነው ብሎ ሳይሆን፥ መንግሥት በፖሊሲ ውሳኔው አይከሰስም ብሎ ነው።

በዚያው በ1984 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት ሌላ ዳኛ የተለየ ነገር ተናገሩ። ቍጥራቸው በራዲየም በተቀባ የአውሮፕላን መሣሪያዎች ላይ የሠሩ ሰዎች ካንሰር ይዞናል ብለው መንግሥትን ከሰው ነበር። ዶክተር ሞርጋንና የሥራ ባልንጀራቸው ዶክተር ጆን ጎፍማን መሰከሩላቸው። ዳኛው ፓትሪክ ኬሊ ግን የሁለቱን ምስክርነት አልተቀበሉትም፤ በብርቱ ቃል ነቅፈው ለመንግሥት ፈረዱ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ዶክተር ሞርጋን በመጨረሻው ዘመናቸው አነስተኛ መጠን በልኩ ሲመዘን ከታላቁ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው ግን በዚህ አልተስማሙም። እንግዲህ አንድ ሊቅ በአንድ ዓመት በአንድ አደባባይ ታመኑ፥ በሌላው ተነቀፉ። የክብራቸው መለኪያ የሚሆነው ፍርዱ አይመስለኝም። የሚያውቁትን በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት አቁመው ለማስፈተን መፍቀዳቸው ነው። በቤተ ሙከራ ተቀምጦ በሹክሹክታ ማዘን ቀላል ነበር።

ፍርድ ቤት ሊፈታው ያልቻለውን ቋጠሮ በመጨረሻ ሕግ አውጪው በሌላ መንገድ ፈታው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጨረር ተጎጂዎች ካሳ ሕግ፥ ይህ ካንሰር ከዚያ ጨረር መምጣቱን አረጋግጥ ብሎ በሽተኛውን አይጠይቅም። በተወሰነው ሥፍራ፥ በተወሰነው ጊዜ የኖረና ከተዘረዘሩት ደዌዎች አንዱ የያዘው ሰው ካሳ ያገኛል፤ ለነዋሪዎቹ 50,000 ዶላር፥ ለዩራኒየም ማዕድን ቈፋሪዎች 100,000 ዶላር ተወሰነ። ሕጉ በ2024 ዓ.ም. ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ2025 ዓ.ም. ታድሶ የነዋሪዎቹም ካሳ ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አለ። ከአርባ ሦስቱ አንዱን መለየት ካልተቻለ፥ ጥርጣሬውን በሽተኛው ብቻውን አይሸከመው ማለት ነው። ዶክተር ሞርጋን ይህን የመጀመሪያውን ሕግ አይተው፥ የሕይወት ታሪካቸውንም ከአንድ ጠበቃ ጋር ጽፈው፥ በ1999 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው በኦክ ሪጅ ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆነው ምንድን ነው? እኔ ለተማሪዎቼ አሁን የምነግራቸው ሦስት ጥያቄ ነው። መጠኑ ስንት ነው? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ስለ ምን ጥቅም ነው? የደረት ራጅ ለአዋቂ ሰው ከአንድ ሚሊሲቨርት ዐሥረኛ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በሲቲ ስካን የሚነሣ የሆድ ምርመራ ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ስም «ራጅ» ሲባሉ ልዩነቱ ይሰወራል። ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረበት ሰው ጨረር ፈርቶ ምርመራውን ቢተው፥ ከጥቂቱ ሸሽቶ በታላቁ ይወድቃል። ያለ ምክንያት፥ ለማየት ያህል ብቻ መነሣትም ደግሞ አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ሳትጠየቅም ቢሆን ትናገር፤ ባሏ፥ እናቷ ወይም አማቷ አብረዋት ካሉ እነርሱ ነገሩን ያቅልሉላት። ቀድሞ የተነሡትን ራጅ በቤት አስቀምጦ ለሐኪሙ ማሳየትም ዳግመኛ ከመነሣት ያድናል።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። የማይታየውን የሚያውቅ ሰው በአነጋገሩ የብዙዎችን ሕይወት ይይዛል። ልክ ያወጣ ሰው፥ ልኩ የማን ጥቅም መሸፈኛ እንደ ሆነ ሲያይ፥ «እኔ ያወጣሁት ለዚህ አይደለም» ብሎ መናገር ዕዳው ነው። ሰሚውም ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ከዐዋቂው ዘንድ አዎንና አይደለምን ብቻ ሳይሆን ስንትን መጠየቅ ነው።